ጣርማበርን በካምፐር መውረድ፦ አዲስ የፍሬን ሸራ ብቻውን አያወርድህም

ከአዲስ አበባ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ያገለገለ ኮስተር ገዝቼ ወንበሮቹን አስወጥቼ ካምፐር አስደርጌዋለሁ። ከኋላ ሁለት አልጋ፣ መሃል ላይ ትንሽ ኩሽና ከነቡታጋዙ፣ 250 ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንክ አለው። ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላም አስገጥሜለታለሁ። ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከእናቴ ጋር ደብረ ብርሃን ደርሰን፣ መንዝ ጓሳ ሁለት ሌሊት አድረን፣ ከዚያ በጣርማበር ወርደን ሸዋ ሮቢት ልንሄድ ነው። እስካሁን የነዳሁት ቪትዝ ነው። የፍሬን ሸራ አዲስ አስቀይሬያለሁ። አንድ ጓደኛዬ ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ማርሽ አውጥተህ፣ ከለቀቅከው ነዳጅ ትቆጥባለህ ይለኛል። ልጆቹስ ከኋላ አልጋው ላይ ተኝተው ቢሄዱ? ማታ ብርዱ ስለሚከብድ ከሰል ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልቅ ብናስገባው ችግር አለው?»

ለሦስቱም መልሴ አንድ ነው፤ አይሆንም። ቁልቁለቱን በፎሌ አትወርድም። ልጆቹ አልጋ ላይ ሆነው አይሄዱም። ከሰል፣ ጭሱ አለቀም አላለቀም፣ መኪናው ውስጥ አይገባም። ምክንያቱን እነግርሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንተ ያልጠየቅከው፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነገር አለ። ክብደቱ ነው። ጥያቄህ ውስጥ ፍሬኑም፣ ነዳጁም፣ ብርዱም አለ። መኪናው አሁን ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ግን የለም። አስመዝነኸው የማታውቅ ይመስለኛል።

ፍሬን መኪና ያቆማል እንላለን። በትክክል የሚሠራው ግን ጉልበትን ወደ ሙቀት መቀየር ነው። ሸራው ብረቱን ሲይዝ ይግላል፤ ያ ሙቀት ደግሞ ወደ አየር መውጣት አለበት። ካልወጣ እዚያው ይከማቻል። እስቲ የጣርማበርን መንገድ አስበው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት የምታልፍበት ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ቢያንስ 1,700 ሜትር ትወርዳለህ። የተጫነው ኮስተርህ 5 ቶን ነው እንበል። 5 ቶን ያን ያህል ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር፣ ያንን 250 ሊትር ታንክህን ሙሉ ውሃ ከቀዝቃዛ አንስቶ እስከ መፍላት ያደርሰዋል። ከአንድ በርሜል በላይ ውሃ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረው መውጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሞተሩ ወይ አራቱ የጎማ ፍሬኖች። በፎሌ ስትወርድ ሞተሩን ከሥራ አስወጣኸው ማለት ነው። ያ ሁሉ እሳት ፍሬኑ ላይ ይቀራል።

ፍሬኑ ሲበዛበት ምን ይሆናል? ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ ትረግጣለህ፤ መኪናው ግን አይታዘዝም። አዲስ ሸራም ከዚህ አያመልጥም። እንዲያውም አዲስ ሸራ ከታምቡሩ፣ ማለትም ከሚይዘው ክብ ብረት፣ ጋር በደንብ እስኪላመድ ድረስ የሚይዘው በከፊል ስለሆነ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይግላል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ ሳትነዳው ወደ ጣርማበር አትውሰደው። ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ውሃ ከሳበ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉ ድረስ ይሄዳል። ሸራውን ስታስቀይር ዘይቱንም አስቀየርክ? ካላስቀየርክ፣ ከመነሳትህ በፊት ሙሉ በሙሉ አስቀይረው። ብዙ ጋራዥ የጎደለውን ብቻ ሞልቶ ይሰድሃል። ያ መቀየር አይደለም።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ከደብረ ሲና ወደ ታች፣ አንድ ጠምዘዝ ላይ፣ የተጫነ አይሱዙ ዳር ይዞ ቆሟል። ከፊት ግራ ጎማው ነጣ ያለ ጭስ ይወጣል። ሽታው ከሩቅ ያፍናል፤ ወጥ ሲያርና ላስቲክ ሲቃጠል አንድ ላይ እንደማለት ነው። ረዳቱ ጄሪካን ውሃ ይዞ ሊደፋበት እየሮጠ ነበር። ጮኬ አስቆምኩት። በጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተደፋ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሾፌሩ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ «ከላይ ጀምሮ ረግጬው ነው የወረድኩት» አለኝ። ማርሹ ስንት ላይ እንደነበር ስጠይቀው 5ኛ አለ። ልጁ ጥሩ ሾፌር ነበር። ያጠፋው ነገር አንድ ነው፤ ፍሬኑን ከማርሹ በፊት አስቀደመ።

የጓደኛህ የነዳጅ ምክርም ስህተት ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ላይ ስታነሳ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ራሱ የመኪናው ክብደት ነው። ስለዚህ የነዳጅ ፓምፑ መርጨቱን ያቆማል ወይም እጅግ ይቀንሳል። ፎሌ ላይ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ እየጠጣ መዞር አለበት። በፎሌ መውረድ ምንም አያተርፍህም። ሞተሩን አጥፍተህ ከወረድክ ደግሞ ይብሳል። የፍሬን ማገዣው ይሄዳል፤ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

ታዲያ እንዴት ነው የሚወረደው? ማርሹ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ይህን ያዝልኝ። ዋሻውን ስታልፍ ቀስ ብለህ 3ኛ አስገባ፤ ጠምዘዙ ሲጠብቅና ቁልቁለቱ ሲበረታ 2ኛ። የቆዩ ሾፌሮች «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ልክ ነው። ለከባድ ካምፐር እንዲያውም አንድ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ሞተሩ ይጮሃል። ይጩህ፤ የሞተሩ ዙር ቆጣሪ ቀስት ቀዩ ላይ እስካልደረሰ ድረስ አይጎዳም። መኪናህ የሞተር ፍሬን ካለው እሱንም ክፈተው። ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃሃል። ፍጥነቱ ከወሰንከው ሲያልፍ ፍሬኑን ጠንከር አድርገህ ረግጠህ በ10 ኪሎ ሜትር ያህል ቀንስ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቀው። እንደገና ሲጨምር እንደገና። ቀለል አድርጎ ያለማቋረጥ መርገጥ ግን ለስላሳ ቢመስልም ሸራው የሚተነፍስበት ፋታ አያገኝም። በ80 የሚሄድን መኪና ማቆም በ40 ከሚሄደው ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ሙቀት እንደሚያመጣም አትርሳ። ከኋላህ የሚያጣድፍህ ካለ ዳር ይዘህ አሳልፈው። ዶልፊኑም ሲኖ ትራኩም ይለፉህ።

ማርሹን ረስተህ ፍጥነት ከጨመረብህ በኋላ ወደ ታች ማርሽ ለመቀየር ስትሞክር አልገባ ብሎ ፎሌ ላይ ሊቀርብህ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በፍሬን ፍጥነቱን ሰብረህ፣ ከዚያ ነው የምትቀይረው። ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ ካለህ ደግሞ ፔዳሉን ደጋግመህ ምታው፤ አንዳንዴ ይመለሳል። የእጅ ፍሬኑን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ሳብ። ጥሩምባህን አትልቀቅ፤ አራቱንም ፍሬቻ አብራ። አሁንም ካልያዘ መሪህን ወደ ተራራው በኩል አድርግ። ቦዩ ውስጥ ግባ፤ ጎኑን ከአፈሩ ጋር አፋትገው። መኪናው ይበላሻል፤ ሰው ይተርፋል። ወደ ገደሉ በኩል ማምለጫ የለም።

ዋሻው ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ነው፤ ጠባብ ነው፤ ጨለማ ነው። ከጠራራ ፀሐይ ድንገት ስትገባ ዓይንህ ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም። ስለዚህ ከመግባትህ በፊት ፍጥነት ቀንስ፤ መብራት አብራ፤ የፀሐይ መነጽር አውልቅ። ከፊት ከባድ መኪና እየመጣ ከሆነ አፉ ላይ ቆመህ አሳልፈው። አውቶቡስና ከባድ መኪና ስለሚያልፉበት የኮስተርህ ቁመት አያሳስብም። የሚያሳስበው ወርዱና የጎን መስታወቱ ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ ወደ ጎን የወጣ ነገር ካለ ግን ውስጥ ገብተህ ሳይሆን ውጭ ቆመህ አስተካክለው።

ጉሙን ደግሞ የሸዋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በተለይ ክረምት ላይ ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ የራስህ መኪና አፍንጫ ይጠፋሃል። ብዙ ሰው ያኔ ረጅም መብራት ያበራል። ይህ ልክ አይደለም። ረጅሙ መብራት ጉሙ ላይ አርፎ ወደ ራስህ ዓይን ነው የሚመለሰው። አጭሩን ተጠቀም፤ መስኮት ዝቅ አድርገህ አዳምጥ። ለጉም ከሁሉም የሚበልጠው መፍትሔ ግን አለመሄድ ነው። ደብረ ብርሃን ቁርስ ብላ፤ ቡና ጠጣ፤ ጉሙ ሲገለጥ ትነሳለህ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወይም 4 ሰዓት ላይ ተነስተህ ገና በብርሃን ሮቢት መግባት ትችላለህ። በማታ ግን ይህን ቁልቁለት አትሞክረው።

አሁን ወደ ክብደቱ። ኮስተር የተሠራው ሰው እንዲጭን ነው። የሰው ክብደት ወንበሮቹ ላይ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ካምፐር ሲደረግ ግን ክብደቱ ቦታ ይለውጣል። አልጋና ቁም ሳጥን ከኋላ፣ ታንክ በአንድ ጎን፣ ዕቃ ከላይ ይሆናል። እኔ ጋ የመጣ አንድ ተመሳሳይ መኪና ነበር። የሠራው ጋራዥ ታንኩን ከኋላ አክስል በስተኋላ፣ በቀኝ በኩል ሰቅሎታል። መኪናው ቆሞም ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች፣ የኋላ ቀኙ ባሌስትራ፣ ተለጥጦ አልቋል። ባለቤቱ ግን «ጎማው ነፋስ አነሰው» ብሎ ነበር የመጣው። እንግዲህ ያንተን እየው። ታንኩ ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ መሃሉን ይዞ ነው መቀመጥ ያለበት። ውስጡ ውሃውን የሚከፋፍል ግድግዳ ከሌለው፣ ግማሽ የሆነ ታንክ ከሙሉው ይብሳል። ጠምዘዝ ላይ 125 ኪሎ ውሃ በአንዴ ወደ አንድ ጎን ይገፋሃል። ፍሬን ስትይዝ ወደ ፊት፣ ስትለቅ ወደ ኋላ። ስለዚህ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ። ለጣርማበር ደግሞ ባዶ። ሮቢት ውሃ አለ፤ እዚያ ትሞላዋለህ።

ፖርቶ መጋላው ላይ ጋቢ እና ፍራሽ ብቻ ጫን። ጄሪካን፣ ጄኔሬተር፣ ትርፍ ጎማ ከላይ አይወጣም። ከባድ ነገር ከፍ ባለ ቁጥር መኪናው ጠምዘዝ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ የሚነፍሰው የጎን ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ መሪው ከእጅህ ሲወጣ ይሰማሃል። ከመነሳትህ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ እንደምትጓዘው አድርገህ ጭነህ፣ ሰዎቹንም አሳፍረህ፣ የመኪና ሚዛን ላይ ውጣ። ጠቅላላውን ብቻ ሳይሆን የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ አስመዝን። ከዚያ አምራቹ በመኪናው አካል ላይ ከለጠፈው የክብደት ጣሪያ ጋር አወዳድር። ካለፈ፣ ዕቃ ትቀንሳለህ። ሌላ ብልሃት የለውም። ባሌስትራ መጨመር መኪናውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ የፍሬኑን አቅም አይጨምርም።

ጎማዎቹን ደግሞ ወርደህ እያቸው። በጎኑ ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2319 ቢል፣ በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ከ6 ወይም ከ7 ዓመት በላይ የሆነውን ጎማ በከባድ ጭነት ወደ ሮቢት ሙቀት ይዘህ አትውረድ። ነፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለካ።

ልጆቹን በተመለከተ የአባትነት ስሜትህ ይገባኛል። ረጅም መንገድ ነው፤ ይተኙ ብለህ ነው። ግን አስበው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄዶ ከአንድ ነገር ጋር የሚጋጭ መኪና ውስጥ ያልታሰረ ሰው የሚያርፍበት ኃይል፣ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። ከሦስተኛ ፎቅ መውደቅ ማለት ነው። አልጋ ላይ የተኛ ልጅ ደግሞ የሚይዘው ነገር የለም። ሁሉም ሰው፣ እናትህም ጭምር፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታስሮ ነው የሚሄደው። ወንበሩም የሚታሰረው ከመኪናው የብረት አካል ጋር በብሎን ነው። የአናጢ ኮምፔንሳቶ ላይ በምስማር የተመታ መቀመጫ ግጭት ሲመጣ ከነሰውየው ይነሳል። ኩሽናውም እንደዚያው። ድስቱ፣ ጀበናው፣ ቡታጋዙ የሚቆለፍ ነገር ይፈልጋሉ። ልጆቹ እንቅልፍ ሲመጣባቸው ቀበቶ እንዳሰሩ አንገታቸው ሥር ትራስ አድርጉላቸው። ሲደክማቸው ደግሞ ቁም። ካምፐር የገዛኸው የፈለግክበት ለማረፍ አይደል?

ስለ ከሰሉ ስጽፍ ቀስ ብለህ አንብብልኝ፤ በየዓመቱ በዚህ ሰው እናጣለን። «ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» የሚለው አባባል በየቤቱ አለ። ገዳይ አባባል ነው። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ቀይ ሆኖ የተቀጣጠለ ፍም ይህን ጋዝ እስኪጠፋ ድረስ ያወጣል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ከዚያ ያቅለሸልሻል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይጥላል። የተኛ ሰው ምልክቱን እንኳ አያውቀውም። ኮስተር ደግሞ ከአንድ ትንሽ ክፍል ያነሰ አየር ነው ያለው፤ ለብርዱ ብለህ መስኮቱን ዘግተሃል፤ አምስት ሰው ይተነፍስበታል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ራሱ ኦክስጅኑ ያነሰ ነው። የቡታጋዙን ምድጃ ለማሞቂያ ብሎ አብርቶ መተኛትም ያው ነው። ሞተር እያስነሱ ማደርም፣ ጄኔሬተር ከመስኮት ሥር ማስቀመጥም ያው ነው።

ብርዱ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጓሳ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይመታል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ግን ደብረ ብርሃንን አልፈህ ነው የምትሄደው። ብርድ ልብሱ እዚያው ይመረታል። ከተገኘ የመንዝ በርኖስ ለእናትህ ግዛላት። እራት ላይ ውሃ አፍላ፤ በጠርሙስ አድርገህ በጨርቅ ጠቅልለህ እግር ሥር አስቀምጥ። ከውጭ አየር ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ የናፍጣ ማሞቂያ በባለሙያ ማስገጠም ይቻላል፤ ውድ ነው፣ ግን ትክክለኛው እሱ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወልም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለህ አስልከህ አልጋው አጠገብ ስቀለው። ሁለት መስኮት ደግሞ ሁልጊዜ በጣት ያህል ክፍት ይሁን።

ቡታጋዙን መኪናው ሲሄድ ከሲሊንደሩ አናት ዝጋው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወደ ወለል ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ባለበት ወለል ላይ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ጓሳ ላይ ጠዋት እሳቱ ቢሰንፍብህ አትደንግጥ። ቡቴን የሚባለው ጋዝ ብርዱ ሲበረታ መትነኑ በጣም ይቀንሳል። ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቅ። ሲሊንደሩን በእሳት አታሙቅ።

ከቪትዝ ወደ ኮስተር መሸጋገርህም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መጀመሪያ መንጃ ፈቃድህን ከሊብሬው ጋር አስተያየው። ለቪትዝ የሚበቃው የአውቶሞቢል ፈቃድ ለዚህም ይበቃል ብለህ አትገምት። መኪናው ከአውቶቡስነት ወደ ካምፐር መቀየሩም ሊብሬው ላይ ሊታወቅ ይገባል፤ አለዚያ አደጋ ሲደርስ ኢንሹራንሱ ጥያቄ ያነሳብሃል። ኮስተር 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከኋላ ጎማው በስተኋላ ደግሞ ብዙ አካል አለው። መሪህን ወደ ግራ ስታጥፍ ያ ጅራት ወደ ቀኝ ይወጣል። ዳር የቆመ ሰው፣ አህያ፣ የቆሎ ሻጭ ልጅ ሊመታ ይችላል። ጠባብ ጠምዘዝ ላይ ወደፊት ገባ ብለህ ዘግይተህ ነው የምታጥፈው። ወደ ኋላ ስትሄድ አንድ ሰው ወርዶ ይመራሃል፤ ሁልጊዜ።

ሞተሩም ሌላ ይሆንብሃል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 ከመቶ ያህል ያጣል። ጣርማበር ላይ ሲሶ ገደማው የለም ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀድመህ የምታልፈውን መኪና እዚህ ማለፍ አትችልም፤ መሃል መንገድ ላይ ትቀራለህ። ዳገት ላይ ደርቦ ማለፍን ለዚህ ጉዞ እርሳው።

መንገድ ዳር ስትቆም የሚሠራ አንድ ጥፋት አለ፤ እባክህ አንተ አታድርገው። ጎማ ሥር ድንጋይ ማስቀመጥ ትክክል ነው። እንዲያውም ፍሬኑ በጣም ከጋለ የእጅ ፍሬን አጥብቆ ከመሳብ ድንጋይ ይሻላል። ስትነሳ ግን ድንጋዩን አንሳ። መሃል አስፋልት ላይ የቀረ ድንጋይ ማታ ለሚመጣው ሞት ነው። የቆረጥከውን የማስጠንቀቂያ ቅርንጫፍም እንደዚያው። ለማደር መንገድ ዳር አትቁም። ሰው ባለበት፣ ባለቤቱን አስፈቅደህ፣ በግቢ ውስጥ እደር። ጓሳ ላይ የማኅበረሰቡ ጥበቃ ስላለ ገብተህ አስመዝግብ፤ የሚያድሩበትንም እነሱ ያሳዩሃል። ክረምት ላይ ደግሞ የመንዝ መረሬ አፈር ጎማህን ይውጠዋል፤ ከጠጠሩ መንገድ አትውጣ። ከመነሳትህ ቀን በፊት መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን ደብረ ብርሃን ካሉ ሾፌሮች ጠይቅ። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይዘግይ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ይህን ጉዞ ለሁለት ክፈለው። አሁን ደብረ ብርሃንና ጓሳ ድረስ ብቻ ሂድ፤ በመጣህበት ወደ አዲስ አበባ ተመለስ። ልጆቹ ጭላዳውን ያያሉ፤ ዕድል ካላቸው ቀይ ቀበሮም። አንተም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትነዳለህ፤ መኪናውን ትለምደዋለህ፤ የሚፈታውና የሚንኳኳው ሁሉ ይለይልሃል። ተመልሰህ ሸራውን አስከፍተህ አሳይ። ጣርማበርን በሁለተኛው ጉዞ ትወርዳለህ፤ ያኔም ለመጀመሪያ ጊዜ መሪውን የሚይዘው አውቶቡስ ወይም ከባድ መኪና በዚያ መንገድ የነዳ ሰው ይሁን። የአንድ ቀን አበል ትከፍለዋለህ። አንተ ከጎኑ ተቀምጠህ እግሩን ሳይሆን እጁን ተመልከት፤ ማርሹን የት ቦታ ላይ እንደሚቀይር።

ደብረ ሲና ስትደርሱ ቁሙ። ልጆቹ ቆሎ ይግዙ። አንተ ወርደህ መዳፍህን ከየጎማው አንድ ስንዝር አርቀህ ሙቀቱን ተሰማው፤ ብረቱን አትንካ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይም ሽታ ካለ፣ ግማሽ ሰዓት አስቀዝቅዘው፤ ካልተስተካከለ መካኒክ ሳያየው ወደ ሮቢት አትንቀሳቀስ።